ሽማግሌ ወደ ነፋስ ሲላክ

ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ሀብቱ አንድ ደቂቃ ናት። አውሮፕላኑ አራት ሺህ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው ይወረወራል፤ ፓራሹቱን መክፈት ካለበት ከፍታ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ ስልሳ ሰከንድ ብትሞላ ነው። ለዚህች ደቂቃ ሲል ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፉን ትቶ ሁለት ሰዓት መኪና ይነዳል። ደመና ካለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ነፋስ ከበረታም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲተዉት ተራ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ሩብ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጠባብ አውሮፕላን ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቆላልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ከወረደ በኋላ ደግሞ ያን ሁሉ ጨርቅና ገመድ አንጥፎ ማጠፍ አለ፤ ማጠፉ ከመውደቁ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ደክሞ ሦስት ጊዜ ቢዘል የዕለቱ ልምምድ ሦስት ደቂቃ ነው።

የአሜሪካው የፓራሹት ማኅበር የመጀመሪያውን የዝላይ ፈቃድ ለመስጠት ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል። አስሉት፤ ተደማምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ላይ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቃቸውን ታቦቶች ሁሉ ሲጠራ ያለፈው ደግሞ ይቀነስ።

የጊዜው ማነስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በዚያች ደቂቃ ውስጥ አስተማሪህ አጠገብህ ቢሆንም የሚልህን አትሰማም፤ ነፋሱ ጆሮህን ይዞታል። ብትሰማም ልብህ ሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ስለ ሞት እያሰቡ እግርን በትክክል ማጠፍ መማር ለማንም አልተሰጠም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወድጄ አይደለም። የእህቴ ልጅ እዚሁ ቨርጂኒያ አድጋ፣ ነርስነት ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ እናቷን በምንም ሳታሳዝን ሃያ ስድስት ዓመት ከኖረች በኋላ አንድ እሑድ ቡና ላይ «ከአውሮፕላን መዝለል እፈልጋለሁ» አለች። እህቴ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስትመጣ መንገዱን ሙሉ የወንበሯን ክንድ ጨብጣ የመጣች ሴት ናት። ለእሷ አውሮፕላን ማለት በሩ እንዳይከፈት የሚጸለይበት ዕቃ ነው። ስኒውን አስቀመጠች። ሁለተኛው ቡና ሳይጠጣ ተነሳን።

ልጅቱ ሞኝ አይደለችም። በሳምንቱ ሌላ ሐሳብ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ አውሮፕላን የሌለበትም አለ። መስታወት ቤት ውስጥ ነው። ከሥር ነፋስ ይነፍሳል፣ እኛ እላዩ ላይ እንንሳፈፋለን። መረብ አለው። የሦስት ዓመት ሕፃን ሁሉ ይገባል።» ዊንድ ተነል የሚሉት የነፋስ ቱቦ ነው። ዘላዮች ከሰማይ የሚሰርቋትን ደቂቃ እዚያ በሰዓት ይገዟታል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ግን ለእናቷ አልነገረቻትም።

እህቴ ማታውን ደወለችልኝ። «አንተ ሂድና እየው። የሚያስፈራ ነገር ካለው እቅጩን ንገረኝ።» በቤተሰባችን ሽማግሌ የሚላከው ወይ ለጋብቻ ነው ወይ ለተጣሉ ባልና ሚስት። ወደ ነፋስ የተላከው የመጀመሪያው ሽማግሌ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቦታው አሽበርን ነው፤ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አለፍ ብሎ፣ የዓለም ኢንተርኔት የሚያድርባቸው መስኮት አልባ መጋዘኖች የተደረደሩበት ሰፈር። ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት ጠበብ ያለ ረጅም ፎቅ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ሰው ከሚበርበት መስታወት ክፍል በቀር አብዛኛው የአየር መንገድ ነው። እህቴ ጥያቄዎቿን ጽፋ ሰጥታኝ ስለነበር እንግዳ መቀበያው ላይ ለቆመው ወጣት በተራ በተራ አቀረብኩለት። አንደኛው ጥያቄ፦ «ማራገቢያው ቢቆራርጣትስ?»

ልጁ ጥያቄውን አልናቀውም። ማራገቢያዎቹ ያሉት ከላይ ጣሪያው ሥር ነው። አየሩን ከመሃል ወደ ላይ ይስቡና በሕንፃው ጎንና ጎን ባሉ መተላለፊያዎች ወደ ታች ይሰዱታል፤ አየሩ በምድር ቤት በኩል ዞሮ እንደገና ወደ መሃል ይመጣል። ሰው ወዳለበት ክፍል ከመድረሱ በፊት መንገዱ ይጠብበታል፣ ስለዚህ መፍጠን ግድ ይሆንበታል። ከክፍሉ በላይ መንገዱ መልሶ ይሰፋል፣ አየሩም ይደክማል። ከፍ ያለ ሰው የሚያነሳው ጉልበት ያጣና ተመልሶ ይወርዳል። ማራገቢያው ጋ የሚደርስ የለም። ይህን ጻፍኩ።

ሁለተኛው ጥያቄ የአዲስ አበባ ልጅ ካልሆነ ማንም የማይጠይቀው ነው፦ «መብራት ቢጠፋስ?» ወጣቱ ትንሽ አሰበ። ማራገቢያው ከባድ ስለሆነ ባንዴ አይቆምም፤ ነፋሱ እየላላ እየላላ ሲሄድ ሰውየው ከሽቦ ገመድ የተሠራው መረብ ላይ ያርፋል አለኝ። ይህንንም ጻፍኩ። ቀጥሎ የኔ የራሴ ጥያቄ ነበር፤ ነፋስ ላይ መተኛትና ከሰማይ መውደቅ ምን አገናኛቸው?

ለካ ከአውሮፕላን የወጣ ሰው እስከ መሬት ድረስ እየፈጠነ አይሄድም። አስር፣ አስራ ሁለት ሰከንድ ያህል ከወደቀ በኋላ ከሥር የሚገፋው አየር ከክብደቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ በሆዱ ከተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። በጭንቅላቱ ከተተከለ ከ240 በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ሰው አየሩን በ190 ሰንጥቆ ቢወርድ፣ አየሩ ደግሞ ሰውየውን በ190 ቢገፋው፣ ለገላ ልዩነት የለውም። ገላ የሚያውቀው ነፋሱን ብቻ ነው። ከፍታውን የሚያውቀው ሆድ ነው፤ ሆድ ደግሞ እዚህ ቤት አይጠየቅም።

ነፋስን ሳጥን ውስጥ ከትቶ መጠየቅ የቆየ ዘዴ ነው። ራይት ወንድማማቾች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ኦሃዮ ዴይተን በሚገኘው ብስክሌት መሥሪያቸው ስድስት ጫማ የሚረዝም የእንጨት ሳጥን ሠርተው፣ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ትናንሽ ክንፎችን ፈትነውበታል። ሰው ራሱ የገባበት ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1964 እዚያው ዴይተን አጠገብ፣ በእነሱው ስም በሚጠራው ራይት ፓተርሰን የአየር ኃይል ሰፈር፣ ጃክ ቲፋኒ የሚባል ሰው ወደ ላይ በሚነፍስ ቱቦ ውስጥ ተንሳፈፈ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ጦር ለልዩ ኃይሎቹ ፎርት ብራግ ላይ አንድ አሠራ፤ ነጋዴውም ገባበት። አሁን የገበያ አዳራሽ አጠገብ የልደት በዓል የሚከበርበት ነገር ሆኗል።

የልደት በዓሉን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ የከፈለችው ለሁለት ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ሰው እኔ መሆኔን የሰማሁት ቱታ ሲያቀብሉኝ ነው። የተከፈለበትን ነገር መተው ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው፤ እናታችን ጥርሷን እያመማትም ቢሆን የተቆረጠላትን ኬክ የምትበላ ሴት ነበረች። ቱታውን ለበስኩ። ትከሻውና ጭኑ ላይ መያዣ አለው፤ አስተማሪው እንደ ሻንጣ የሚያነሳህ በእሱ ነው። ጆሮ መድፈኛ፣ መነጽር፣ የራስ ቁር። ክብደቴን ጠየቁኝ። ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ሚዛን አመጡ።

ውስጥ መነጋገር ስለማይቻል መጀመሪያ የእጅ ምልክት ተማርን። ሁለት ጣት ተዘርግቶ ሲታይ እግርህን ዘርጋ ነው። ሁለት ጣት ሲታጠፍ ጉልበትህን እጠፍ። ጣት ወደ ላይ ሲጠቁም አገጭህን ቀና አድርግ። አውራ ጣትና ማርያም ጣት ተዘርግተው እጁ ሲወዛወዝ ዘና በል ማለት ነው። ያ ምልክት ለኔ ብቻ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ደጋግሜ አየሁት። ሰው ዘና በል ሲባል ዘና ብሎ አያውቅም፤ ፊቱን ዘና አድርጎ ቂጡን ነው የሚያጠብቀው።

ዋናው ትምህርት የተጀመረው ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነው። ተራ ጠባቂዎች መስታወቱ ሥር ተደርድረን ተቀምጠናል። ከመስታወቱ ውጭ ደግሞ ሌላ ወንበር አለ፤ የልደት እንግዶች ኬካቸውን ይዘው፣ አያቶች ስልካቸውን ደግነው፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ያያሉ። ከፊቴ የነበረችው የስምንት ዓመት ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ገባች፣ በጭንቅላቷ ተተከለች፣ እግሯን ወደ ጣሪያ አድርጋ መስታወቱን እየታከከች ዞረች፣ እንደ ቀልድ ወጣች። ቀጥሎ የኔ ተራ ነበር።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰማይ ላይ የሚያስፈራህ ሞት ነው። እዚህ ሞት የለም፤ የቀረው የሰው ዓይን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የትኛውን የበለጠ እንደምንፈራ የታወቀ ነው። ሞትን «ከመጣ ምን ይደረጋል» ብሎ የሚቀበል ሰው፣ የማያውቃቸው የአሽበርን አያቶች ፊት እንዳይዋረድ ላብ ያጠምቀዋል። ይሉኝታ ለሌላ ነገር ይጎዳል ይባላል፤ ለዚህ ትምህርት ግን የሚያህለው አስተማሪ አላየሁም። ሰማይ ላይ የሠራኸውን ስሕተት የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ እሱም አይናገርም። መስታወት ውስጥ የሠራኸው በስክሪን ተደግሞ፣ በዝግታ፣ ክብና ቀስት ተደርጎበት ይታይሃል።

አገባቡ ቀላል ነው። በሩ ላይ ቆመህ፣ እጅህን አንስተህ፣ አገጭህን ቀና አድርገህ ወደ ነፋሱ ታዘነብላለህ። መዝለል የለም፣ መውደቅም የለም፤ ሆድህ ወደ ጉሮሮህ አይመጣም። ነፋሱ ይቀበልሃል። ከዚያ ጉንጭህ የአንተ መሆኑን ያቆማል። አፍህን ከከፈትክ ምራቅህ ተነስቶ በጉንጭህ በኩል ወደ ጆሮህ ይጓዛል። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ እኔ ስገባ አንድ ነገር ወደ ላይ ከፍ አደረገች፣ ጩኸቱም ጨመረ። ከባድ ሰው ብዙ ነፋስ ይፈልጋል፤ ሚዛኑ ያለምክንያት አልመጣም። በመጨረሻ ፎቶ ይሸጣሉ። የኔን የእህቴ ልጅ ገዝታ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። ባሕር ዳር ያለች አክስታችን የመለሰችው ሁለት ቃል ነው፦ «ምን ነካው?»

ስለ ትከሻ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ነፋስ ላይ የተኛ ሰው አንዱን ትከሻ በትንሹ ዝቅ ካደረገ ወደዚያው ይዞራል። በትንሹ ነው የምለው፤ አስተማሪው ያሳየን የአንድ ጣት ስፋት ያህል ነው። አሁን እስክስታን አስቡት። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን ቢሰብር ባለበት የሚቆየው እግሩ መሬት ስለያዘ ነው። መሬቱን ንሱት፤ ምን ይሆናል? እንደኔ ይሆናል። ሲጨንቀኝ ትከሻዬ ይሰበቃል፣ ትከሻዬ ሲሰበቅ እዞራለሁ፣ ስዞር ይጨንቀኛል። አስተማሪው መያዣዬን ይዞ ባያቆመኝ እስካሁን እዚያ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ ግን ከዚያው ትከሻ ሌላ ነገር አወጣች። ሠርግ ላይ ስትወርድ ያያት ያውቃል፤ አንገቷ ሳይነቃነቅ፣ ወገቧ ሳያውቅ፣ አንዱን ትከሻ ለብቻው ማዘዝ ትችላለች። ነፋሱ ላይ ግራውን ዝቅ አደረገች፣ ወደ ግራ ዞረች፤ መለሰችው፣ ቆመች። ቀኙን ዝቅ አደረገች፣ ዞረች፣ ቆመች። አስተማሪው ሲወጡ ጠየቃት፦ «ጂምናስቲክ ሠርተሻል?»

«አይ፣ ሠርግ» አለችው።

እሷን ያስቸገራት ተረከዟ ነበር። ዝም ብላ የተንሳፈፈች ሲመስላት፣ ተረከዟ ከኋላ መስታወቱን ቀጭ ያደርጋል። ገፋ ያደርጓታል፣ መሃል ትመጣለች፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ቀጭ። ጉልበቷን ከልክ በላይ እያጠፈች፣ እጇን ወደ ፊት እያረዘመች ነበር፤ ነፋሱ እግሯ ላይ የሚገፋው ነገር ሲያጣ እጇን ይገፋና ወደ ኋላ ያንሸራትታታል። እሷ ቆሜያለሁ ብላለች፣ መስታወቱ አልቆምሽም ይላታል። ይህ ጥፋት ሰማይ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚነግራት ግድግዳ አልነበረም። ሰማይ ላይ ደግሞ አብረው የወጡ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ፓራሹት ሲከፈት አጠገብ ሰው መኖር የለበትም። አንድ ሰው ሳያውቀው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሌሎች ወዳሉበት ቢሄድ መጨረሻው ያስፈራል። ያቺ ቀጭ የምትል ድምፅ ብዙ ዝላይ የማያስተምረውን በአንድ ምሽት አስተማረቻት። ለሁለት ጣት ምልክት የሚሆን መልስም ተማረች፦ እግር ይዘረጋል፣ ነፋሱ እግር ላይ ይገፋል፣ ገላ ወደ ፊት ይሄዳል።

ለእህቴ ሪፖርት አደረግኩ። ማራገቢያው አይደርስም፣ መብራት ቢጠፋም መረብ አለ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት። ደስ አላት። ልጅቱ ተመላለሰች። ሰዓቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ግን ከሌሎች ጋር ተካፍለው ይገዙታል፤ ሁለት ደቂቃ ገብተው ይወጣሉ፣ ቪዲዮውን ያያሉ፣ ይገባሉ። አንድ ሙሉ ሰዓት የበረረ ሰው የስልሳ ዝላይ ያህል ነፋስ ቀምሷል ማለት ነው፤ ያለ ደመና፣ ያለ ተራ፣ ፓራሹት ሳያጥፍ። እህቴ የገባት ግን በሌላ መንገድ ነበር። «ይኸው በረረች። መብረር አይደል የፈለገችው? ወጣላት» ትለኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌ ሁሉን አይናገርም።

እውነቱ ሲወጣ ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። ልጅቱ ቶም ክሩዝን ምስክር ጠራች። «ሚሽን ኢምፖሲብል ፎልአውት» ላይ ላለው ዝላይ ቱቦ ተሠርቶለት ተለማምዶ፣ ከዚያ አቡ ዳቢ ላይ ከመቶ ጊዜ በላይ ዘሎ ነው የቀረፀው አለች። «እሱ ይከፈለዋል» አለች እህቴ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

እህቴም የራሷን ምስክር አገኘች። አቡ ዳቢ የምትሠራ የአጎታችን ልጅ ከያስ ደሴት ቪዲዮ ላከችላት፤ እዚያ በ2019 የተከፈተው ቱቦ ወርዱ አስር ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሲከፈት ከዓለም ትልቁ የተባለ ነው። ከዚያ እህቴ እየፈለገች ማየት ጀመረች። ሲንጋፖር ውስጥ ካይራ ፖህ የምትባል ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ቱቦ ውስጥ አድጋ በነፋስ ላይ ስትጨፍር አየች። ከዚህም ሌላ የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በ2015 ፕራግ ላይ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና መጀመሩን ሰማች። ይህን ሁሉ ይዛ ልጇን አስቀመጠቻት። «ሜዳሊያ ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ሰው እዚያው ቀርቶ መክበር ይችላል። ምን አስወጣሽ?» ከእናትነት አንፃር የማይሸነፍ ክርክር ነው። እውነትም አላት፤ ዛሬ ከቱቦ በቀር ሰማይ የማያውቁ፣ ሰማይ የለመዱትን የሚያስንቁ ልጆች አሉ።

ቱቦው የማያስተምረው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ቱቦ ውስጥ ከፍታ የለም። ነፋሱ እስኪጠፋ ብትተኛ የሚቀርብህ መሬት የለም፤ የእጅ አንጓህ ላይ ያለውን የከፍታ መለኪያ ዞር ብለህ የማየት ልማድ ከየትም አይመጣም። ሰማይ ላይ ያቺን ልማድ የረሳ ሰው ችግር አለበት፤ ለዚህ ነው ከ1991 ጀምሮ ሳይፕረስ የሚባል መሣሪያ የተሠራው፤ ባለቤቱ ራሱን ቢረሳ እንኳ መጠባበቂያ ፓራሹቱን የሚከፍት። ቱቦ ውስጥ የአውሮፕላን በር የለም። የፓራሹቱ መክፈቻ እጀታ የለም። ከተከፈተ በኋላ መንዳት የለም፣ ማረፍ የለም፤ ብዙ ዘላይ የሚጎዳው ደግሞ በደንብ በተከፈተ ፓራሹት ሥር፣ ሲያርፍ ነው።

አንዱን ያወቀ ሁሉን ያወቀ ሲመስለው ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 አይታለች። ትሪኒዳድ ተወልዶ ሃርለም ስሙ የገነነው፣ «ጥቁሩ ንስር» የሚባለው ሁበርት ጁሊያን ያን ዓመት መጥቶ ከአውሮፕላን በፓራሹት ወርዶ ንጉሡን አስደነቀ፤ ማዕረግም አገኘ። ጥቂት ቆይቶ፣ ንግሡ ሊደርስ ሲል፣ የንጉሡን አዲስ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሰው፤ ከአገርም ተሸኘ። መውረድ የሚያውቅ ሰው መንዳት ያውቃል ያለው ማን ነው? ደፋርነቱን ግን አልነፍገውም። ያኔ ቱቦ ቀርቶ ሜዳው ላይ ስንት ላም እንዳለች የሚነግረው ሰውም አልነበረ።

የእህቴን ልጅ የማረፉን ነገር ያስተማሯት አንድ ጎረቤታችን ናቸው። አሌክሳንድሪያ መኪና ማቆሚያ ቤት የሚሠሩ፣ ድሮ ደብረ ዘይት አየር ወለድ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ስለ ቱቦው ስነግራቸው ሳቁ። «እኛ መውደቅ አላጠናንም፤ ገመዱ አውሮፕላኑ ላይ ታስሮ ፓራሹቱ ራሱ ነበር የሚከፈተው። እኛ ያጠናነው መሬት መምታት ነው።» ከዚያ እኚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ከሕንፃችን ደረጃ ላይ ወጥተው እግራቸውን ገጠሙ፣ ጉልበታቸውን አላሉ፣ ዘለው በጎናቸው ተንከባለሉ። ጭኑ፣ ዳሌው፣ ጀርባው በተራ መሬቱን ነካ። ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ልጅቱ እሳቸው በቃሽ እስኪሏት ድረስ ከደረጃው ስትዘል አመሸች። የጎረቤት ልጆች ወጥተው አዩ።

የመዝለያዋ ቀን ደረሰ። ቦታው ኦሬንጅ ነው፤ ከእኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቅ፣ ዙሪያው እርሻ የሆነ የቨርጂኒያ ትንሽ ከተማ። እህቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሌላ ቦርሳ ውስጥ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። «ቢርባትስ?» አለችኝ። ልጅቱን የሚይዟት ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። እህቴ ሁለቱንም ጸበል ረጨቻቸው። አንደኛው ዝናብ መስሎት ወደ ሰማይ አየ።

የውድቀቱን ደቂቃ ያየነው በኋላ፣ በአስተማሪው ካሜራ ነው። ደመና የለም። ከበሩ ሲወጡ ትንሽ ተንገዳገደች፤ ያንን ቱቦ አያስተምርም፣ አውሮፕላኑ ወደ ፊት እየሄደ ነፋሱ ከሥር ሳይሆን ከፊት ነው የሚመጣው። ከዚያ ተስተካከለች። ሁለት ጣት አላሳዩአትም። ዘና በይም አላሏትም። ትከሻዋ ዝም ብሏል። የእጅ አንጓዋን አየች፣ እጀታውን ነካ አድርጋ ተለማመደች፣ እንደገና የእጅ አንጓዋን አየች። 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ሳበች። ሁለቱ አስተማሪዎች ሲወርዱ ስለ አወዳደቋ የሚያርሙት ነገር አልነበራቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለለች ሴት ሰማይ ላይ ሥራዋን ስትሠራ ማየት ይገርማል፤ ለፍርሃቱ ጊዜ ነበራት ማለት ነው፣ ለገላዋ ማሰብ አያስፈልጋትምና።

ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ ግን የቱቦው ትምህርት አለቀ። መሬት ላይ የቆመ ሌላ አስተማሪ በሬዲዮ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥ በይ» ይላታል፤ እሷ ግራና ቀኙ ሲገባት ነፋሱ ትንሽ ወስዷት ነበር። ለማረፊያ የታሰበውን ሜዳ አለፈች። አጥሩንም አለፈች። ከአጥሩ ማዶ ካለው አኩሪ አተር ማሳ ውስጥ ገባችና ከዓይናችን ተሰወረች። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የሁሉንም ቅዱሳን ስም ባንድ ትንፋሽ ጠራች።

እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን አላልታ፣ በጎኗ ነበር የተንከባለለችው። ፓራሹቷን አቅፋ፣ ፀጉሯ ውስጥ ቅጠል ተሰክቶ፣ እየሳቀች አጥሩን ተሻገረች። እህቴ ጉልበቷን ዳበሰች፣ ክርኗን ዳበሰች፣ ጫማዋን ሳይቀር አየች። ከዚያ አስተማሪውን በጣቷ እያሳየችኝ፦

«እሱን ጠይቀው። ለመውደቂያው ያን የሚያህል ፎቅ ሠርተዋል፤ ለማረፊያውስ ምን ሠርተዋል?»

ተረጎምኩለት። ልጁ ሳቀና ለማረፊያው ምንም እንደሌለ፣ በመዝለል ብቻ እንደሚለመድ ነገረኝ።

«እንግዲያው እስኪሠሩ ድረስ ትጠብቅ» አለችኝ እህቴ፤ ድፎውን እየቆረሰች ዘወር ስትል ልጅቱ ለሚቀጥለው አውሮፕላን ስሟን ልታስመዘግብ ሰልፍ ላይ ቆማለች።